ሁሉን ወደ አፉ የሚከት ልጅ፦ ሳትከለክሉት የምትጠብቁበት መንገድ

የስድስት ወር ሕፃን እጁ የደረሰበትን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። የቤት ቁልፍ፣ የእናቱን የነጠላ ጫፍ፣ የስልክ ሽፋን፣ የገዛ እግሩን ጣት ሳይቀር። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ በአንድ ድምፅ «ኧረ ካካ ነው! እትፍ በል!» ይላል። ዕቃው ይነጠቃል፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ ነገር ያነሳል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። አፉን አትከልክሉት። ወደ አፉ የሚደርሰውን ግን እናንተ ምረጡ፣ እናንተ አጽዱ። ከዚህ በታች ያለው ይህንኑ እንዴት እንደምታደርጉት ነው።

መጀመሪያ፦ ምን እየሠራ እንደሆነ እወቁ

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ብቻ ነው። ጣቶቹም ገና አይታዘዙለትም። ከንፈሩና ምላሱ ግን ሥራ የጀመሩት ማህፀን ውስጥ ነው። በአልትራሳውንድ ጽንሱ አውራ ጣቱን ሲጠባ ያያችሁ ወላጆች ትኖራላችሁ። ከንፈርና ምላስ ከሰውነታችን ሁሉ ንክኪን አጥርተው ከሚለዩት ክፍሎች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ማንኪያ ሲልስ እያጠፋ አይደለም። ቀዝቃዛ ነው? ይሞቃል? ይጎረብጣል? ስነክሰው ይታጠፋል? እያለ እየጠየቀ ነው። መልሱን የሚያገኘውም እዚያው አፉ ውስጥ ነው።

ሜልትዞፍ እና ቦርተን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1979 አንድ ሙከራ አሳትመው ነበር። የአንድ ወር ገደማ ሕፃናት ሳያዩት የሚጠባ የጎማ ጡት አፋቸው ውስጥ ተደረገላቸው። የአንዳንዱ ለስላሳ ነበር፣ የአንዳንዱ ደግሞ ጉብጉብ ያለበት። ከዚያ ሁለቱንም ቅርጽ ሲያሳዩአቸው አብዛኞቹ አተኩረው ያዩት አፋቸው ውስጥ የነበረውን ነው። በኋላ ሌሎች ሙከራውን ሲደግሙት ሁልጊዜ ይህንኑ ውጤት አላገኙም። አፍ ከመጀመሪያዎቹ ወራት ጀምሮ የመማሪያ መንገድ መሆኑ ግን አያከራክርም። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ልጅ በስሜት ሕዋሳቱና በእንቅስቃሴው የሚያስብበት ጊዜ ብሎታል።

ሌላም ጥቅም አለው። ልጁ ዕቃ ሲያኝክ ምላሱ ወደ ግራና ቀኝ መሄድን ይለማመዳል፣ መንጋጋው ይጠነክራል። በዚህ ዕድሜ ትንሽ ነገር የምላሱን መሃል ሲነካው ወዲያው ያቅለሸልሸዋል። ይህ የመከላከያ ምላሽ ቀስ በቀስ ወደ ጉሮሮው እየራቀ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ለማኘክ፣ ኋላም ለመናገር መሠረት ነው።

እጁን ወደ አፉ መውሰድ የሚጀምረው ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ነው። ከስድስት ወር እስከ ዓመቱ ድረስ ይበረታል። ሁለት ዓመት ሲሞላው አብዛኛውን ሥራ ጣቶቹና ዓይኖቹ ይረከባሉ።

ሁለተኛ፦ ወለሉ ላይ ተንበርከኩ

ይህን በእርግጥ አድርጉት፣ ቆሞ ማየት አይበቃም። በእጃችሁና በጉልበታችሁ ሆናችሁ ቤቱን ዙሩ። ከሶፋው ሥር፣ ከአልጋው ጎን፣ ከምንጣፉ ጠርዝ፣ ከቴሌቪዥኑ ማስቀመጫ ኋላ ምን አለ? የሸሚዝ ቁልፍ፣ የእስክሪብቶ ክዳን፣ ሳንቲም፣ የፀጉር ማስያዣ፣ የመድኃኒት እንክብል ታገኛላችሁ። ጠዋት ከተጠረገ በኋላ እንኳ ይገኛል።

መለኪያ ካስፈለጋችሁ የሶፍት ጥቅል መሃል ያለውን ካርቶን አንሱ። ስፋቱ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ማነቂያ ነው ብላችሁ ውሰዱት። በአሜሪካ ሕግ ለመጫወቻ መፈተኛ የሚያገለግለው ሲሊንደር ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር ነው። የሶፍቱ ካርቶን ከዚያ ሰፋ ስለሚል የበለጠ ጥንቁቅ ያደርጋችኋል። ቤት ውስጥ ያሉ ሳንቲሞች በሙሉ ያልፉበታል።

አንድ ነገር ለይቼ ላስጠንቅቅ፦ ክብ የሆነችው ትንሿ ባትሪ። በሪሞት፣ በሚያበራ ጫማ፣ በሚዘፍን መጫወቻ፣ በኤሌክትሪክ ሻማ ውስጥ አለች። ልጅ ከዋጣትና ጉሮሮው ላይ ከተጣበቀች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥል ትችላለች። ክዳኑ በብሎን የማይታሰር መጫወቻ አትግዙ። ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ደህና ቢመስልም፣ ሳታድሩ በዚያው ሰዓት ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። ማግኔትም እንዲሁ ነው።

ከዚያ ጠርሙሶቹን እዩ። በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ፣ ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ማስቀመጥ በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ለልጅ ይህ ውኃ ነው። ከፍ አድርጋችሁ ቆልፉባቸው፣ ወይም በመጡበት ዕቃ ብቻ ይቀመጡ። ልጁ ላምባ ወይም በረኪና ከጠጣ አታስመልሱት። ሲያስታውክ ላምባው ወደ ሳንባው ይገባል፣ በረኪናው ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥላል። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ።

እርሳስ የሚባለው ማዕድንም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከሚውጡት እርሳስ ውስጥ ሰውነታቸው የሚይዘው ከአዋቂ ከአራት እስከ አምስት እጥፍ ይደርሳል። የሚጎዳውም አእምሯቸውን ነው። የሚላጥ አሮጌ የመስኮት ቀለም፣ የመኪና ባትሪ የሚፈታበት ግቢ፣ ለሕፃን ዓይን የሚኳል ኩል ምንጮቹ ናቸው። ብዙ ኩል እርሳስ አለበት። ልጁ ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይልሳል። ለሕፃን ኩል ይቅር።

የአንገት ማተብ ያሰራችሁለት እንደሆነም ልብ በሉ። ልጆች ማተባቸውን ማኘክ ይወዳሉ። ከአገጩ የማያልፍ አጭር ይሁን፣ በየጊዜው ታጥቦ ይለወጥ። ልብሱ ወይም አልጋው ላይ ተጠላልፎ እንዳያንቀው ሲተኛ ቢወልቅ ይሻላል። ጨሌ ወይም ዶቃ የተሰካበት ከሆነ ግን በፍጹም።

ሦስተኛ፦ የቡናውን ሰዓት ለብቻው አስቡት

ቤታችን ውስጥ ለሕፃን አፍ እጅግ የሚያስፈራው ሰዓት ቡና የሚፈላበት ነው። ፈንዲሻውና ቆሎው ይበተናል። ለውዝ ይፈነጥራል። ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ከሰል ከምድጃው ይወድቃል። ሰው ሁሉ ጨዋታ ይዟል፣ ልጁ ደግሞ በመካከል ይድሃል።

ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ አራት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጡም። ትንሽ፣ ደረቅና ጠንካራ ስለሆኑ በቀላሉ ወደ አየር ቧንቧ ይገባሉ። ይህን ስትሉ «እኛ በቆሎ አይደል ያደግነው?» የሚል አክስት አይጠፋም። ክርክር ውስጥ አትግቡ። «እሺ እትዬ፣ ዛሬ ሐኪሙ ከልክሎናል» በሉና ልጁን አንሱት።

የሚሠራው ዘዴ ይህ ነው። ረከቦቱ ከመዘርጋቱ በፊት ልጁን የሚይዝ አንድ ሰው በስም ይመረጥ። «ሁላችንም እናየዋለን» ማለት ማንም አያየውም ማለት ነው። የቡና ቁርሱ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ በጎድጓዳ ሳህን ይሁን። ቄጤማው ልጁ በሌለበት በኩል ይጎዝጎዝ። ቡናው ሲያልቅ መጀመሪያ ጠርጉ፣ ከዚያ ልጁን አውርዱ።

አራተኛ፦ መዋያውን አጽዱ

አፈር መቅመስ ልጁን «ያጠነክረዋል» የሚባለው እውነት የሚመስለን ጥቂት ቆሻሻ ብዙ ጊዜ ስለማይጎዳ ነው። የእንስሳት ኩስና ፋንድያ የነካው አፈር ግን ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ገጠር የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አንድ የሚያሳስብ ነገር አሳይቷል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመት የተሻሉ ነበሩ። ዶሮዎቹ ማታ ከሰው ጋር አንድ ቤት በሚያድሩበት ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ። ዶሮው ለልጁ እንቁላል ይሰጣል፣ ኩሱ ግን ወለሉ ላይ ይቀራል፣ ከወለሉ ወደ ልጁ እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ ይሄዳል። ስለዚህ ዶሮዎቹን አትሽጡ፣ ቆጥ ሥሩላቸው፣ ከቤት ውጭ ይደሩ።

ከተማም ሆነ ገጠር ለልጁ የራሱ መዋያ ይኑረው። ሰሌን፣ ሸራ ወይም ታጥቦ የሚደርቅ ምንጣፍ ይበቃል። ጫማ አይረግጠውም፣ ይኸው ነው ሕጉ። የእሱንም የእናንተንም እጅ ከምግብ በፊትና ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላ በሳሙና ታጠቡ። ዕቃዎቹን በሳሙናና በሞቀ ውኃ አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። ልጁ የሚልሰውን ዕቃ በበረኪና መዘፍዘፍ አያስፈልግም።

አምስተኛ፦ ቅርጫቱን አዘጋጁ

ይህ የምወደው ክፍል ነው፣ ምንም ገንዘብ ስለማይጠይቅ። ኤሊኖር ጎልድሽሚድ የተባለች እንግሊዛዊት የሕፃናት አስተማሪ መቀመጥ የጀመሩ፣ ገና ያልዳሁ ሕፃናት ፊት የቤት ዕቃ የሞላበት ዝቅ ያለ ቅርጫት ታስቀምጥ ነበር። ፕላስቲክ አይገባበትም፣ ምክንያቱም ፕላስቲክ ሁሉ ለአፍ አንድ ዓይነት ነው። ሽታው፣ ክብደቱ፣ ቅዝቃዜው አይለያይም። የኛ ማድቤት ለዚህ የተመቸ ነው።

የሚሆኑ ነገሮችን ልጥቀስ። ያልተቀባ የእንጨት ማማሰያ፣ አጠር ያለ ቢሆን ይመረጣል። የብረት ማንኪያ፣ አፉን ወዲያው ስለሚያቀዘቅዝ ልጆች ይደነቁበታል። የቀንድ ማንኪያ ወይም ትንሽ ዋንጫ፣ ለስላሳና ሞቅ ያለ ስሜት አለው። ጫፉ የማይቆርጥ ትንሽ የብረት ሳህን። ከአሮጌ ነጠላ የተቆረጠ ጨርቅ፣ ዘርፉ ወጥቶ ጠርዙ የተሰፋ። ታጥቦ የደረቀ ትልቅ ብርቱካን ከነልጣጩ፣ ይሸታል፣ ይንከባለላል፣ ድድ ይቋቋማል። በጥርስ ልጣጩን መቦጨቅ ሲጀምር ግን ይነሳ።

ከስንደዶ የተሠራ ሙዳይ ያምራል፣ ስሜቱም ልዩ ነው። ቀለም የተነከረ ግን ቀለሙ በምራቅ ስለሚለቅ አይሆንም። ያልተነከረም ቢሆን ሰበዙ መውጣት ሲጀምር ይነሳ። ቅል የምታስገቡ ከሆነ ስንጥቅ የሌለው መሆኑን በየቀኑ እዩ። ሲኒ፣ ብርጭቆ፣ ጠርዙ የተከፈተ ጣሳ፣ የሚፈራርስ ስፖንጅ አይግቡ።

እያንዳንዱን ዕቃ ሦስት ጊዜ ፈትሹት። በሶፍቱ ካርቶን ያልፋል? ጎትታችሁ ጠምዝዛችሁ የሚነቀል አለው? ጫፉ ጉሮሮ ድረስ የሚገባ ረጅምና ቀጭን ነው? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ይውጣ። ስድስት ሰባት ዕቃ ለመጀመሪያ ይበቃል። በየሳምንቱ ሁለቱን ቀይሩ።

ስድስተኛ፦ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ

ልጁ ጠግቦና ተኝቶ የተነሳበትን ሰዓት ምረጡ። ቅርጫቱን ፊቱ አድርጉ፣ እናንተም ክንድ በሚደርስበት ርቀት ተቀመጡ። ከዚያ አታቀብሉት፣ «ይሄን እይ፣ ያንን እይ» አትበሉት። ራሱ ይምረጥ። አንዱን ማንኪያ አሥር ጊዜ ያዟዙረዋል፣ በግራ ይነክሰዋል፣ በቀኝ ይነክሰዋል፣ አውጥቶ ያየዋል፣ መልሶ ይከተዋል። ያወጣበትንና ያየበትን ቅጽበት ልብ በሉ። አፉ የነገረውን ከዓይኑ ጋር እያስተያየ ነው።

ቀና ብሎ ሲያያችሁ ያኔ አናግሩት። «አዎ፣ ማንኪያ ነው፣ ቀዘቀዘህ?» ይበቃል። ስልካችሁን ራቅ አድርጉ፣ ዓይናችሁ ከልጁ እንዳይነሳ። ሲነጫነጭ ወይም ፊቱን ሲያዞር ጨርሷል። አምስት ደቂቃም ይሁን ሃያ ደቂቃ፣ የሱ ልክ ነው። ቀን ልጁን የምትይዘው ሞግዚት ከሆነች ቅርጫቱን ከእሷ ጋር ሆናችሁ አዘጋጁት። «አፉ ውስጥ አታስገቢበት» ብቻ ተብላ የቀረች ሞግዚት ቀኑን ሙሉ ስትነጥቅ ትውላለች።

ሰባተኛ፦ ምግብንም ይንካው

እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ቅቤ ማዋጥ፣ የአብሽ ውኃ፣ የጤና አዳም ውኃ አያስፈልገውም። ማርም ዓመት እስኪሞላው ድረስ የለም፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ከስድስት ወር በኋላ ከገንፎውና ከአጥሚቱ ጎን እጁ የሚይዘው ነገር ስጡት። የበሰለ ሙዝ፣ በሁለት ጣት ሲጫኑት የሚደቅ የተቀቀለ ስኳር ድንች ወይም ካሮት፣ አቮካዶ። ያፈርጠዋል፣ ፊቱን ይቀባዋል፣ ግማሹ ወለል ይደርሳል። ይሁን። መጋት ግን ይቅር። አፍንጫውን ይዞ ወይም በመዳፍ ከንፈሩ ላይ አፍስሶ ማስዋጥ ምግቡን ወደ ሳንባው ይልካል። ከዚያም በላይ አፉን የሚፈራ ልጅ ያደርገዋል።

ስምንተኛ፦ ተቅማጥ ሲመጣ ጥርሱን አትክሰሱ

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልናገር፣ ምክንያቱም በኛ አገር ልጆች የሚጎዱበት ነገር ነው። ልጁ በስድስትና በሰባት ወሩ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ድዱ ያብጣል፣ በዚያው ሰሞን ያስቀምጠዋል። «ግግ ነው» ይባላል። አዋቂ ይጠራል፣ ድዱ ተፍቆ ገና ያልበቀለው የወተት ጥርስ ይነቀላል።

ጥርስ ማብቀል ከባድ ተቅማጥም ከፍተኛ ትኩሳትም አያመጣም። የሆነው ሌላ ነው። በዚያው ዕድሜ ልጁ መዳህ ጀምሯል፣ ሁሉን ይልሳል፣ አዲስ ምግብ ጀምሯል፣ ከእናቱ ሆድ ይዞት የመጣው የበሽታ መከላከያም እየቀነሰ ነው። ተቅማጡ የመጣው በአፉ ከገባው ጀርም ነው። ግግ ማስወጣት ጀርሙን አያስወጣም። ያደማል፣ ያመረቅዛል፣ መሣሪያው ንጹሕ ካልሆነ ሌላ በሽታ ያስይዛል፣ ኋላ የሚበቅለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል።

ለድዱ ሕመም በንጹሕ ውኃ የራሰና የቀዘቀዘ ጨርቅ ስጡት ያኝከው፣ ወይም በታጠበ ጣት ድዱን እሹለት። የሚያደነዝዝ ጄልም አረቄም አትቀቡት። ተቅማጥ ከያዘው ጡቱን አታቋርጡ። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ፣ ማለትም በተቅማጥ የወጣውን ውኃና ጨው የሚተካውን ዱቄት፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ስጡት። ከጤና ጣቢያ የዚንክ እንክብል ተቀበሉ፣ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይጨረስ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጥባት እምቢ ካለ፣ ወይም ሰገራው ደም ካለበት አትጠብቁ፣ ውሰዱት።

ዘጠነኛ፦ ቢታነቅ

ማቅለሽለሽና መታነቅን ለዩ። የሚያቅለሸልሸው ልጅ ድምፅ አለው፣ ያስላል፣ ፊቱ ይቀላል። ተዉት፣ ራሱ ያወጣዋል። የታነቀ ልጅ ዝም ይላል። ማሳልም ማልቀስም አይችልም፣ ከንፈሩ ይጠቁራል።

ዓመት ላልሞላው እንዲህ ታደርጋላችሁ። በክንዳችሁ ላይ በደረቱ አስተኙት፣ ራሱ ከገላው ዝቅ ይበል፣ አገጩን ደግፉ። በመዳፋችሁ የታችኛው ክፍል በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ካልወጣ ገልብጡት። ከሁለቱ ጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ በደረት አጥንቱ ላይ አምስት ጊዜ ተጫኑ። እስኪወጣ ድረስ እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። ሆዱን አትጫኑ። ዕቃው ካልታያችሁ ጣት ሰዳችሁ አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። አንድ ሰው ደግሞ በዚያው ጊዜ አምቡላንስ ይጥራ፣ የቀይ መስቀል 907 ነው። ዓመት ላለፈው ልጅ ጀርባ መምታቱ እንዳለ ሆኖ በደረቱ ፋንታ ከኋላው አቅፋችሁ ከእምብርቱ በላይ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ትጫናላችሁ። ይህን ቤት ያለ ሁሉ፣ አያትም ሞግዚትም፣ በአሻንጉሊት ይለማመደው።

ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ

ጣቶቹ ሲበረቱ ቅርጫቱን ቀይሩት። ውኃ የሚያስተላልፍበት ሁለት ጣሳ፣ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን፣ ሊጥ። አልፎ አልፎ ዕቃ ቢያኝክ፣ በተለይ ሲደክመው ወይም ሲያፍር፣ አያሳስብም።

አፈር፣ የግድግዳ ኖራ፣ ከሰል ወይም አመድ እየፈለገ የሚበላ ከሆነና ይህ ከወር በላይ ከቆየ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አትምቱት፣ እጁ ላይ በርበሬም አትቀቡ። ብዙ ጊዜ ከኋላው የብረት እጥረት ወይም የደም ማነስ አለ፣ አፈሩ ደግሞ የሆድ ትል ይጨምርበታል። ደሙና ሰገራው ይመርመር፣ ሐኪሙም ስለ እርሳስ እንዲያስብበት ምን ምን እንደሚበላና የት እንደሚጫወት ሁሉንም ንገሩት።